የአይጦቹ አፍንጫና የእኔ ወይራ

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ዛሬም እንደ ወትሮው። አሥራ ስድስቱንም አይጦች መዘንኩ። ውኃ ቀየርኩ። ሰባት ቁጥር ጣቴን ነከሰኝ... ጥጋብ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል? ጅራታቸው ላይ በቀለም ቁጥር አለ። አጥኚዋ ሰብሊ «እትዬ እልፍነሽ፣ አደራ ስም እንዳያወጡላቸው፣ ጥናት ላይ ናቸው» ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። ግን ሦስት ቁጥርን አይቶ ፊታውራሪ የማይል ማን ነው? ምግብ ሲመጣ ሁሉን ገፍቶ ከፊት። አሥራ አንድ ደግሞ ወይዘሪት ናት። ፊቷን ታጥባ አትጠግብም።

ቤት ስገባ ባዬ ጎተራው ሥር ተንበርክኮ ቀዳዳ በጭቃ ይደፍናል። የአይጥ ቀዳዳ። ቀና ብሎ አየኝ።

«የእኔዎቹ በቆሎዬን ጨረሱት። ያንችዎቹስ ደህና ዋሉ?»

«ደህና ናቸው። ሁለት ሁለት ግራም ጨምረዋል።»

«ይጨምሩ እንጂ! ባል ድመት ይገዛል፣ ሚስት አይጥ ትቀልባለች። በዚህ ቤት ማን የማን ወገን ነው?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። እሱም ጭቃውን ጣለና ሳቀ።

ጎረቤቴ አቻምየለሽ ግን አትስቅም፣ ትመረምራለች። ዛሬም በአጥር በኩል፣ «እልፌ፣ ኮሌጁ ውስጥ ሥራሽ ምንድን ነበር ያልሽኝ?» አለች። «ዕቃ ክፍል» አልኳት። ይኸው ስምንት ወር ሙሉ ዕቃ ክፍል ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት አይጥ ቀላቢ ሆነች ቢባል... በማኅበር ላይ የሚስቁት ሳቅ ከአሁኑ ጆሮዬ ላይ አለ።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ሰብሊ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ መጥታ የምትለፋው ለሁለተኛ ዲግሪዋ ነው። ከነገ ጀምሮ አይጦቹን አፍንጫቸው ላይ ጠብታ ልናደርግላቸው ነው። እኔ እይዛለሁ፣ እሷ ታንጠባጥባለች። ለምን? አልኳት። ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሌላው ሰው ሲጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትሸሸው፣ ለእኔ ግን በአማርኛ!

«ስለ ክሎራይድ ነው እትዬ። የገበታ ጨው ከሁለት ነገር ነው የተሠራ...»

«ሶዲየምና ክሎራይድ!» አልኩ ሳትጨርስ። ዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ ሰባ ሁለት ነው ያመጣሁት። እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ኖሮ ነው አፌ ላይ የመጣው?

የገባኝን ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ። አንጎል ውስጥ ያለው ነርቭ አብዛኛው ክሎራይድን ከውስጡ ጠርጎ ያስወጣል። ስለዚህ የነርቩ በር ሲከፈት ክሎራይድ ከውጭ ትገባና ነርቩን ጸጥ ታሰኘዋለች። የአይጥ የአፍንጫ ነርቭ ግን ተገላቢጦሽ። እየጎተተ የሚያስገባ ፓምፕ አለው። ያከማቻል። ሽታ ሲነካው መጀመሪያ ትንሽ ምልክት ይነሳል፣ ካልሲየም ይገባል፣ ካልሲየሙ የክሎራይዱን በር ይከፍታል... የተከማቸው ግር ብሎ ወደ ውጭ! ሲወጣ ያ ትንሹ ምልክት ይጎላል።

«ጎተራ አላቸው በይኛ! አፍንጫቸው ውስጥ የጨው ጎተራ!»

ሳቀች። «አዎ። ከሁለቱ ጠርሙስ አንዱ ፓምፑን የሚዘጋ መድኃኒት ነው። ጎተራው እየጎደለ ይሄዳል። ሁለተኛው መድኃኒት የለበትም። ስምንቱ አይጦች ከ‹ሀ›፣ ስምንቱ ከ‹ለ› ያገኛሉ።»

«መድኃኒቱ የትኛው ነው? ሀ ነው ለ?»

«እኔም አላውቅ። ጠርሙሶቹ ላይ ፊደሉን የለጠፉት አማካሪዬ መምህር ይሄይስ ናቸው። መልሱ በታሸገ ፖስታ ባሕር ዳር እሳቸው ጋ ነው።»

«ምን አድርገሽ ነው የሚደብቁሽ?»

«እንዳላዳላ ነዋ።»

ብልህ ሰው ናቸው።

ወደ ቤት ስመጣ ሳስበው... ሠርግ ቤት አንዷ እልል ትላለች። ብቻዋን ብትቀር ከአጥር አያልፍላትም። ሌሎቹ ሲቀበሏት ነው ወንዝ የሚሻገረው። እንግዲህ ክሎራይድ ማለት ተቀባዮቹ ናቸው!

ለባዬ ነገርኩት። ዶማውን አስቀምጦ ሰማኝ። «የሰው ጎተራ ሲያራቁቱ ኖረው ዛሬ የራሳቸው ጎተራ ሊራቆት? ፈጣሪ ፈራጅ ነው!» ስለ ሥራዬ ደስ ሲለው የዛሬው የመጀመሪያው።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ትናንት ማታ ምግብ ነሳናቸው፣ ረሃብ እንዲያነቃቸው። ጠዋት ሳጥኑ ውስጥ ከሰጋቱራው ሥር ቆልቼ የወቀጥኩትን ኑግ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ልጥልጥ ቀበርን። አይጡን መልቀቅ። ሰብሊ በስልኳ ሰዓት ትይዛለች። አሥራ አምስት ደቂቃ ካለፈ አላገኘም ይባላል።

ፊታውራሪ በሃያ ሁለት ሴኮንድ! ጎሽ የኔ አንበሳ! ወይዘሪት እንኳ ፊቷን ሁለቴ ታጥባ በአንድ ደቂቃ። ከሁለት ደቂቃ ያለፈ የለም። ከ‹ሀ›ም ከ‹ለ›ም።

እኔ አጨበጭባለሁ፣ ሰብሊ ፊቷ ይጠቁራል።

«እትዬ፣ ልዩነት ከሌለ እኮ መድኃኒቱ ምንም አላደረገም ማለት ነው።»

ኧረ! እኔ ደግሞ ለማን ነው የማጨበጭበው?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ደገምነው። ያው ነው። ሁሉም ያገኛሉ፣ ሁሉም ይጠግባሉ፣ ሰብሊ ብቻ አትበላም።

መምህር ይሄይስ ደውለው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጋው ሰማሁ። «ልጄ፣ ጊዜሽ ሁለቴ ተራዝሟል። አንዴ መንገድ ተዘግቶ፣ አንዴ መድኃኒቱ ዘግይቶ። ሦስተኛ የለም። እስከ ኅዳር 30 አንድ ውጤት አሳይኝ፣ አለዚያ ትምህርቱ ይቋረጣል።»

ስልኩን ስትዘጋ፣ «እናቴን ምን እላታለሁ?» አለች። ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት። ለሰባት ቁጥር ሰጠችው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ቁስቋም ናት። ምግብና ውኃ ብቻ ሰጥቼ ወጣሁ። ማኅበረተኛው መሀል ቁጭ ብዬ ወይዘሪት ናፈቀችኝ... ይህችን መስመር ማንም እንዳያይብኝ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን! መንደሩ በሙሉ ጥራጊውን እያወጣ ያቃጥላል። ሰማዩ አይታይም። እኔስ ከማን አንሼ? ሰብሊ ለሚካኤል ፍኖተ ሰላም ሄዳለች፣ ነገ ጠዋት ለፈተናው ትደርሳለች። ክፍሉን ጠረግሁ፣ ጥራጊውን ውጭ አቃጠልኩ፣ ስምንቱን የፈተና ሳጥኖች አጠብኩ። አራቱ የ‹ሀ› ናቸው፣ አራቱ የ‹ለ›፣ እንዳይቀላቀሉ ተጽፎባቸዋል።

ታጥበው ሳያቸው ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። እናቴ የወተት ዕቃ አጥቤ ሳመጣላት አፍንጫዋን አስገብታ «ይህ ረጠበ እንጂ ታጠበ አይባልም» ትለኝ ነበር። ወይራ ያልገባበት ዕቃ እሷ ዘንድ ዕቃ አይደለም። እዚህ ደግሞ ሥራው ሁሉ የሽታ አይደለም እንዴ? የወይራ ፍም አበጀሁና ሳጥኖቹን በየተራ ደፍቼ አጠንኳቸው። ከሀ ጀመርኩ። ለ ላይ ስደርስ ፍሙ ደከም ብሎ ነበር፣ ምንም አይደል። ሲያልቅ ተደርድረው... እንዴት ያለ መዓዛ! እርጎ ቢገባባቸው ያምርባቸዋል።

ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ተለያዩ! ተለያዩ!

የ‹ለ›ዎቹ ትንሽ ዘገዩ፣ አራትም አምስትም ደቂቃ፣ ግን ስምንቱም አገኙ። የሀዎቹ... ፊታውራሪ! ፊታውራሪ ጥጉን ሁሉ ዞሮ፣ ቆሞ፣ ግድግዳውን አሽትቶ፣ ልጥልጡ ላይ ተቀመጠበት! ተቀምጦበት አላወቀም! አሥራ አምስት ደቂቃው አለቀ። ከስምንቱ ስድስቱ አላገኙም።

ሰብሊ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ክሎራይዱ እትዬ! ጎተራው ባዶ ነው!» ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኗል፣ በዚያ ላይ ስታለቅስ ልክ እንደ ሕፃን። የትናንቱ ጭስ ከተማው ላይ እንደተኛ ነው አለችና መስኮቱን ዘጋች።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ቅበላ። ነገ ጾም ስለሚገባ ያለችንን ወተት በቅሉ ሞልቼ ለባዬ ሰጠሁት። ጎንጨት አለና ቅሉን አየው።

«ወይራውን አበዛሽው። ወተት ነው የሰጠሽኝ ጭስ?»

«ምን ሆነ?»

«የወተቱ ሽታ የለማ። ወይራው ውጦታል።»

ቅሉን ተቀብዬ አሸተትኩት። አሸተትኩት... ከዚያ ቁጭ አልኩ።

ስምንቱ ሳጥኖች። ከሀ ጀመርኩ። ለ ላይ ፍሙ ደክሞ ነበር።

ወይኔ እልፍነሽ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

አልነገርኳትም። ልነግራት ገብቼ፣ ለመምህሩ ደውላ «አገኘሁ» ማለቷን ነገረችኝ። ለእናቷም ደውላለች። እናቷ በስልክ እልል ቢሉ ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ለእኔ ደግሞ ነጠላ አምጥታልኛለች፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ነጠላ ተከናንቤ እንዴት ብዬ...

ምናልባት መድኃኒቱ ይሆን? ምናልባት ጭሱም ባይኖር ይለያዩ ነበር? ግን ማን ያውቃል? ጭሱ የበዛባቸው ያላገኙት ናቸው። አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች ይላሉ። እኔም ወይራዬን ይዤ ቁርጥ እሷን።

ብናገር ዓመቷ ይቃጠላል፣ እኔም ከሥራ እባረራለሁ። ዝም ብልስ? ማንም አላየኝ። ነጠላውን ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ሊለበስ አልቻለም።

ኅዳር 16፣ ማክሰኞ

ነገርኳት። ጠዋት፣ በር ላይ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። ፍሙን፣ ተራውን፣ የባዬን ወተት፣ ሁሉን። ነጠላውንም አጥፌ ሰጠኋት።

አንዱን ሳጥን አንስታ አፍንጫዋን አስገባች። ጉንፋኑ ለቋታል።

«ለምን ነገሩኝ? ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔ አውቃለሁ።»

አልበቃት ብሎ ስታየኝ፣ «ደግሞ ልጄ፣ ፖስታው ሲከፈት መድኃኒቱ ለ ሆኖ ቢገኝስ? ምን ልትይ ነው?» አልኩ።

ሳጥኑን መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ወጥታ ሄደች። እኔም አይጦቹን መመዘን ጀመርኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? ከተባረርኩም መዝኜ ልባረር። ፊታውራሪ እጄ ላይ ወጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸተተ። ምን ሸተተው?

ስድስት ሰዓት ላይ ተመለሰች፣ ዓይኗ ቀልቷል። ለመምህሩ ነግራቸዋለች። «የቅዳሜው አይቆጠርም። ቀሪው ሁለት ሳምንት ነው» ብለዋል። መሬት ላይ ከጎኔ ተቀመጠች።

«ብንደግመውም እትዬ፣ ያለ ጭስ ሁሉም ያገኙታል። እንደ መጀመሪያው ነው የሚሆነው።»

እኔም ዝም ማለት የማልችል ሆኜ፣ ያቺን የእልልታዬን ነገር አወራኋት። አንዷ እልል ባይ፣ ተቀባዮቹ። «ግን ልጄ» አልኩ፣ «አጠገብሽ ቆማ እልል ካለች ተቀባይ ምን ያደርጋል? አንዷ ትበቃሻለች። ያ ልጥልጥ እኮ እነሱ አፍንጫ ሥር ድግስ ነው። ተቀባይ የሚያስፈልገው ወንዝ ማዶ ላለ ሰው ነው።»

ቀና አለች። «እስቲ ይድገሙት።»

ደገምኩት።

«ሽታውን ማድከም!» ብላ ዘላ ተነሳች። «ልጥልጡ በዝቶ ነው! ሽታው ብርቱ ከሆነ ያለ ክሎራይድም ይሰማል። እናድክመው! ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ በጥልቅ!»

ስትወጣ ነጠላውን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። «ይልበሱት እንጂ፣ እኔ አረንጓዴ አይሆነኝም።»

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

የታጠኑት ሳጥኖች ወጥተው ተጣሉ። አዲስ ገዛን፣ በፈላ ውኃ ብቻ፣ ፀሐይ ላይ። ሳሙና የለ፣ ወይራ የለ። እጄ ሦስቴ ወደ ፍሙ ሄዶ ሦስቴ መለስኩት። ሰጋቱራውም የጽድ ሆኖ ተገኘ፣ ይሸታል። ሽታ የሌለው ምን አለ?

«የጤፍ ጭድ» አለ ባዬ። ሳልጠይቀው! ካምናው ክምር መርጦ፣ አራግፎ፣ በማዳበሪያ ሞልቶ ራሱ ተሸክሞ ኮሌጁ በር አደረሰው።

«ለአይጥ ጭድ ተሸክሜ ከተማ ገባሁ» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «አባቴ ከመቃብር ቢነሳ ተመልሶ ይገባል።»

ግን ገብቶ አያቸው። ፊታውራሪን ትኩር ብሎ አይቶ፣ «ይኼ የተማረ ነው መሰል» አለ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ሦስት የኑግ ፍሬ። ሦስት ብቻ፣ ያልተቆላ፣ ከጭዱ ሥር አራት ጣት ጥልቀት። እኔ ብሆን እንኳን በማሽተት በዓይኔም አላገኘው።

ለ፦ ስምንቱም አገኙ። ወይዘሪት በሦስት ደቂቃ፣ ፊቷን ሳትታጠብ!

ሀ፦ ከስምንቱ አምስቱ አላገኙም። ፊታውራሪ አላገኘም። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ዞሮ ዞሮ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ አየኝ። ደስ ብሎኝም አዘንኩለት።

ሰብሊ አልዘለለችም። «ረቡዕ ደግመን ነው የማምነው» አለች። አድጋለች።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ደገምነው። ለ ስምንቱም። ሀ ስድስቱ አላገኙም። እልልታዬን በነጠላዬ አፈንኩት።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ጠብታው ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ። ጎተራው ተመልሶ ከሞላ ሀዎቹም ማግኘት አለባቸው። መምህር ይሄይስም መንገዱ ቀና ብሎላቸው መጡ፣ ቀጭን፣ ሳል የሚበዛባቸው። ልብሳቸው ሽቶ ሽቶ ሲለኝ በር ላይ አቆምኳቸው።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ እንዲህ ሆነው አይገቡም።»

ሰብሊ ክው አለች። እሳቸው ግን ኮታቸውን አውልቀው ሰጡኝ። «ወይራዋ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ሊያባርሩኝ ነው?»

«ሽቶ ለብሼ የመጣሁ እኔ ሳልባረር?»

ፊታውራሪን ለቀቅነው። ሦስቱ ፍሬ፣ አራት ጣት ጥልቀት። ዞረ። ቆመ። አፍንጫው ተንቀጠቀጠ... ከዚያ ጭዱን በተነው! ሁለት ደቂቃ ከአሥር! ከሀዎቹ ስምንቱም አገኙ።

መምህሩ ፖስታውን አውጥተው ለሰብሊ ሰጧት። እሷ መልሳ ለእኔ ሰጠችኝ። ማሸጊያውን ቀደድኩ። አንድ መስመር ነው ያለው።

«ሀ - መድኃኒት።»

ያፈንኩት ሁሉ ወጣ። እልልል... ብቻዬን ጀመርኩ። ሰብሊ ተቀበለችኝ። መምህሩም እያሳላቸው አጨበጨቡ። አሥራ ስድስቱም አይጦች ጭዳቸው ውስጥ ገብተው ተደበቁ።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

ማኅበሩ ዛሬ አቻምየለሽ ቤት ነበር። አረንጓዴ ጥለት ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። አቻምየለሽ ጠላ እየቀዳች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ባዬ በማዳበሪያ ጭድ ተሸክሞ ኮሌጅ ገባ አሉ። ዕቃ ክፍል ጭድ ይበላል እንዴ እልፌ?» አለች።

የፈራሁት ሳቅ መጣ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ታዲያ ምን ሆንኩ? ምንም።

«ዕቃ ክፍል አይደለሁም» አልኩ። «አይጥ ነው የምቀልበው። አሥራ ስድስት ናቸው። የአንዱ ስም ፊታውራሪ ነው።»

ከዚያ ማን ያቁመኝ! ጎተራውን፣ ፓምፑን፣ እልልታውን፣ ሦስቱን የኑግ ፍሬ... ጠላው ሞቀ፣ ማንም አልጠጣም። ፊታውራሪ ልጥልጡ ላይ የተቀመጠው ጋ ስደርስ አቻምየለሽ ማድጋውን ይዛ እንደቆመች ቀረች።

«ውሸት!»

ሰብሊ ከጥናቷ ጽሑፍ አንድ ገጽ አትማ ሰጥታኝ ነበር። በጎኑ በእስክሪብቶ አማርኛውን ጽፋልኛለች። ከጡቴ ሥር አውጥቼ ለአቻምየለሽ ሰጠኋት፣ ዓይኗ ደህና ነው፣ ጮክ ብላ አነበበችው። «ኅዳር 13 የተገኘው ውጤት አልተቆጠረም። ሳጥኖቹ በእንክብካቤ ብዛት በወይራ ጭስ ታጥነው ነበር። ይህ ስህተት ሽታውን አድክሞ የመፈተንን ሐሳብ አስገኝቷል።»

ወረቀቱን ገለበጠችው። ጀርባውንም አየች።

«ታዲያ ያንች ስም የታል?»

ወረቀቱን መልሼ «የወይራ ጭስ» የሚለውን በጣቴ አሳየኋት።

«ይኸውልሽ። ጭሱ እኔ ነኝ።»